ማረጥ መጀመሪያ የነካው ጭንቅላቴን ነበር

ስለ ማረጥ የማውቀው ትንሽ ነበር። የወር አበባ ይቆማል፣ ላብ ላብ ይላል፣ ያልፋል። እናቶቻችንም ከዚህ የዘለለ አላወሩንም። የሰው ስም እንደሚያስረሳ፣ ሌሊት ልብን እንደሚያስመታ፣ ሰው ያለ ምክንያት እንደሚያስለቅስ የነገረኝ የለም። ይህን የምጽፈው በአርባዎቹ ውስጥ ላላችሁና "ምን ነካኝ?" እያላችሁ ለብቻችሁ ለምትብሰለሰሉ ሴቶች ነው። ባሎችም ብታነቡት አይከፋም።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሥራዬ በጭንቅላት ነው። ደንበኛ "ይህን ያህል ሜትር" ሲለኝ ካልኩሌተር ሳልነካ ዋጋውን እነግረዋለሁ። ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት፣ የማን ልጅ መቼ እንደምትዳር፣ ሁሉም በቃሌ ነው። በዚህ እታወቃለሁ፤ ትንሽም እኮራበታለሁ።

47 ዓመቴ ላይ ነገሩ መላላት ጀመረ። መጀመሪያ ስም ጠፋኝ። ለዓመታት ከእኔ ስትገዛ የኖረች ሴት ፊቴ ቆማ ስሟ አልመጣ ይላል። ቀጥሎ ተራ ቃል መጥፋት ጀመረ። ረዳቴን "ያን... ያን ነገር አቀብይኝ" እላታለሁ። መቀሱን ማለቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ከእጄ የማይለየውን መቀስ! ከዚያ ሂሳቡ ተከተለ። አንድ ቀን ለሠርግ ዝግጅት የመጣች ሴት የመጋረጃና የሺቲ ጨርቅ አስቆረጠችኝ። ብደምር ብደምር በየጊዜው ሌላ ቁጥር ይመጣል። በመጨረሻ ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ ደመረችልኝ። "ሙቀቱ ነው አቦ፣ ውኃ ጠጪ" አለችኝ። ለእሷ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የፈራሁት ሌላ ነገር ስለነበር ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት የመርሳት በሽታ ይዟት ነበር። በመጨረሻ እኔን ራሴን "የማን ልጅ ነሽ?" ትለኝ ነበር። እንግዲህ የእኔም ተራ ደረሰ ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ለባሌ እንኳን አልተነፈስኩም።

የወር አበባዬ ያኔ አልቆመም ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ነገሩን ሁሉ ያወሳሰበብኝ ይኸው ነው። አንዳንዴ ቀኑን ሳይጠብቅ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወር ይዘልላል፣ ሲመጣ ደግሞ ይበረታል። ግን ይመጣል። ስለዚህ ማረጥ ገና ሩቅ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሐኪሞች አረጠች የሚሉት የወር አበባ ሳታይ 12 ወር የሞላትን ሴት ነው። ብዙ ሴት እዚያ የምትደርሰው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዓመታት የሚፈጅ መሸጋገሪያ አለ። ሆርሞኑ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል የሚልበት ጊዜ ማለት ነው። የጭንቅላቱ ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚበረታው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው፤ አበባው ሳይቆም።

ሌሊቱ ደግሞ ለብቻው ፈተና ሆነ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብድግ እላለሁ። ልቤ ድው ድው ይላል። አንሶላው ርሷል። ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቀውም፤ ብቻ ፈርቻለሁ። ባሌ ያንኮራፋል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የሱቁን ኪራይ፣ የልጄን ትምህርት፣ የሞቱትን ሁሉ ሳስብ ይነጋል።

ሌላ አገር ብሆን ላቡ ይነግረኝ ነበር። ድሬ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ የማያልበው ማን ነው? ወበቁ ሌሊትም አይለቅም። ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር ያመላልሳል፣ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። ላቤን ሁሉ ለድሬ ሙቀት ሰጠሁት።

የልብ ነገር አሳስቦኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ልቤን በመሣሪያ ታየሁ፤ ደህና ነው ተባልኩ። "ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ ቀንሺ" ብለው የእንቅልፍ ኪኒን ጻፉልኝ። ስለ ወር አበባዬ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁም። ኪኒኑ ያስተኛል። ጠዋት ግን ደንዝዤ ነው የምነሳው፣ ሂሳቡም ይብስብኛል።

ድካሙን ለማባረር ጫት ጨመርኩበት። ድሬ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ፀሐዩ ይከርራል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ጎረቤት ለበርጫ ይጠራራል። እኔ ድሮ ለጨዋታው ያህል ነበር የምቀመጠው። አሁን የየቀን ሆነ። ምርቃናው እስካለ ድረስ የድሮዋን እኔን አገኛታለሁ፤ ቃሉም ይመጣል፣ ጨዋታውም ይመጣል። ማታ ግን ጉዴ ይፈላል። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሌሊት ልቧ እየመታ ለምትነቃ ሴት ከዚህ የባሰ ነገር የለም። በማግስቱ ደግሞ ድብርቱ አለ። ማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እንቅልፍ አጥታችሁ ጫት የምትቅሙ ካላችሁ ግን መጀመሪያ የምትነኩት እሱን ይሁን።

ቤቴ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ሆንኩ። ልጄ ሻዬ ላይ ስኳር አበዛች ብዬ ብርጭቆውን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ልጅቷ ስብርባሪውን ለቅማ፣ ወለሉን ጠርጋ፣ ቃል ሳትተነፍስ ወደ ክፍሏ ገባች። ቁጣው ሲወጣልኝ ደግሞ ባዶነት ይተካል። ማኅበር መሄድ ተውኩ፣ እድር ላይ አልታይም፣ የጓደኛ ስልክ አላነሳም። "ባልነቃስ ምን ይጎድላል" ያልኩበት ሌሊት አለ። ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣባችሁ ለነገ አትበሉት። ያኑ ሰዓት ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ አጃቢ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ይታከማል።

ዓይኔን የገለጠልኝ ሐረር ነው። ኅዳር ላይ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ሄድን። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትጨርሱ ግን አየሩ ይለወጣል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። ማታ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ጋቢ ተከናንበው ተቃቅፈዋል። በዚያ ብርድ እኔን ከደረቴ እሳት ተነስቶ በአንገቴ ወደ ፊቴ ወጣ። ጋቢዬን ገፈፍኩ፣ ነጠላዬን ገፈፍኩ። ላቡ በጆሮ ግንዴ ይንቆረቆራል። ልቤም ተነሳ፤ ያው የሌሊቱ ድው ድው። ጥቂት ቆይቶ ሄደና ደግሞ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር።

አጠገቤ የነበሩ እናት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ዕድሜሽ ስንት ደረሰ?"

"48 እማማ።"

"አበባሽ ተዛብቷል?"

"አዎ።"

"እንቅልፍስ?"

መልስ ሳልሰጥ እንባዬ መጣ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አላየኝም፤ እሱ ጠቀመኝ። "በይ አይዞሽ" አሉኝ፣ "ድሬ ሆነሽ ሙቀቱን የአገሩ አድርገሽዋል። የራስሽ ነው።" ጭንቅላቴስ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መርሳቱ፣ መነጫነጩ። "እሱም ከዚሁ ነው። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሁሉን ነገር እጄ መዳፍ ላይ እየጻፍኩ ነበር የምውለው።" ከዚያ ኮስተር ብለው "የማኅፀን ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ሁሉንም ንገሪ፤ አበባውንም፣ ልቅሶውንም" አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ድሬ ተመልሼ የማኅፀን ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረብኩ። ወጣት ሴት ናት። ይዤ የሄድኩት ወረቀት ነበር፤ አበባው የመጣባቸው ቀናት፣ የነቃሁባቸው ሌሊቶች፣ የከፋኝ ቀን። እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ማስታወስ ስለማይቻል ቀደም ብላችሁ ጻፉት። እሷም ወረቀቱን አይታ "ይሄ ከላብራቶሪ ይበልጣል" አለችኝ። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት መሸጋገሪያውን የሚለዩት በአብዛኛው ከምልክቱ ነው። ሆርሞኑ ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ አንድ ቀን የተቀዳ ደም ብዙ አይናገርም። ሌላ ነገር እንዳይሆን ግን መረመረችኝ፤ የደም መጠን፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ስኳር፣ የደም ግፊት። ታይሮይድ ሲዛባም ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ስሜት ይረበሻል። ደም ማነስም ያፈዝዛል። የእኔ ታይሮይድ ደህና ነበር። ደሜ ግን አንሶ ተገኘ። ያ የበረታ የወር አበባ ደም የሚሠራበትን ብረት (አይረን) ጨርሶብኝ ኖሯል። ስለዚህ ድካሙ ሁሉ የሆርሞን አልነበረም። "ማረጥ ነው" ብላችሁ ቤት አትቅሩ የምለው ለዚህ ነው።

የእናቴን በሽታ ያነሳሁት መጨረሻ ላይ፣ ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ነው። ሐኪሟም መልሳ አስቀመጠችኝ። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የማኅፀን ብቻ አይደለም አለችኝ። አንጎል ውስጥ ትውስታ የሚሰናዳበት፣ ሐሳብ የሚሰበሰብበት፣ ስሜት የሚገራበት ቦታ ሁሉ ይሠራል። ለዓመታት የለመደው ነገር አንድ ቀን ሲበዛ፣ አንድ ቀን ሲያንስ አንጎል እስኪለምደው ይቸገራል። ሙቀቱም ራሱ የአንጎል ነው። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል በኢስትሮጅን መዋዠቅ ይረበሽና፣ በትንሽ ሙቀት ገላው የጋለ መስሎት ላብ ያዛል። ላቡ እንቅልፍ ይነሳል፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ማስታወስንም ስሜትንም ያበላሻል። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታ በመሸጋገሪያው ጊዜ ዝቅ ብሎ ካረጡ በኋላ ሲያገግም አይቷል። "የአንቺ ቃል ይጠፋና ማታ ይመጣል። የጠፋብሽም ታውቂያለሽ" አለችኝ። እውነት ነው፤ ያ የደንበኛዬ ስም ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ብቅ ይላል። እናቴ ግን መርሳቷንም አታውቀውም ነበር። የለመዱት መንገድ ከጠፋ፣ ሁልጊዜ የሚሠሩት ወጥ አሠራሩ ከተረሳ፣ ከራሳችሁ ይልቅ ቤተሰብ ከተጨነቀ ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

አንድ ጥያቄዋ አስገረመኝ። "ከወሊድ በኋላ ከፍቶሽ ያውቃል?" አለች። ሁለተኛዋን ልጄን ወልጄ ወራት ሙሉ ማልቀሴን አስታወስኩ። ያኔ ብርድ መታት ተብሎ ታልፏል። በወሊድ ወይም ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው በጣም የሚረበሽ ሴቶች፣ ቀድሞ ድባቴ የነበረባቸውም፣ በዚህ ጊዜ ድባቴ ይበልጥ ያሰጋቸዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሕክምናው ላይ ረዘም አድርገን ተነጋገርን። የሆርሞን ሕክምና አለ። ሙቀቱን በመቀነስ የሚስተካከለው የለም፤ እንቅልፍ ሲመለስ ጭንቅላትም ይጠራል። በፈረንጆች 2002 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ስጋት ታይቶበት ቆመና ዓለም ሁሉ ሆርሞን ፈራ። በኋላ ነገሩ በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ ጥቅሙ እንደሚያመዝን ታወቀ። ለሁሉ ግን አይደለም። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ስትሮክ ወይም የደም መርጋት ያጋጠማት፣ ጉበቷን የሚያማት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት በአብዛኛው አይሰጣትም። ማኅፀን ያላት ሴት ደግሞ ኢስትሮጅን ብቻውን አትወስድም፤ ማኅፀኗን ከካንሰር የሚጠብቅ ሁለተኛ ሆርሞን ይጨመርላታል። ስለዚህ ከጓደኛ ኪኒን መዋስ የለም።

እኔ በወጣትነቴ እግሬ ውስጥ ደም ረግቶብኝ ስለነበር ሆርሞኑ ቀረብኝ። የድባቴ መድኃኒት ጀመርኩ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሙቀቱንም ይቀንሳሉ። "የእብድ መድኃኒት ልትውጥ ነው" ያለችኝ ዘመድ ነበረች፤ ሰማኋት፣ ዋጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻል። ስሜት ላይ ለውጥ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ "አልሠራልኝም" ብላችሁ በአምስተኛው ቀን አትጣሉት። ስትተዉትም በሐኪም ምክር ቀስ እያላችሁ ነው እንጂ በአንዴ አይደለም። በታኅሣሥ ቁልቢ ወጥቼ ጸበሉንም ጠጥቻለሁ። መድኃኒቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አልተጣሉም።

ባሌን ለብቻው አስቀምጬ ነገርኩት። እሱ ያሰበው ሌላ ነበር፤ "ጠልታኛለች" ብሎ ደምድሟል። "አቦ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ትይኛለሽ?" ብሎ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። በማግስቱ ሁለተኛ ቬንትሌተር ገዝቶ በእኔ በኩል አቆመልኝ። ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ልጄንም ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ፊቴ ሲቀላ ካየች በረዶ ውኃ ይዛ ትመጣለች። ለቤተሰብ መንገር እንደ መድኃኒቱ ነው የረዳኝ፤ ቁጣዬ ሁሉ ባይጠፋም ትርጉሙን ያውቁታል።

የቀረው የየቀን ነገር ነው። ጫቱን ተውኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ሀራራውም አለ፣ ሌሊት በቅዠት የሚያስጨንቀው ዱካኩም አለ፣ ግን ያልፋል። ቡናዬን ጠዋት ላይ ብቻ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያፈላ ጎረቤት ሲጠራኝ ሄጄ እጫወታለሁ፣ ስኒውን ግን አሳልፋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅር ይላቸዋል፣ ከዚያ ይለምዱታል። የምተኛው በስስ ጥጥ ሺቲ ነው፤ ናይለን አይለበስም። ራስጌዬ እርጥብ ፎጣና ውኃ አለ። ከነቃሁ ስልክ አልነካም፤ ፊቴንና አንገቴን በፎጣው አብሼ እጋደማለሁ። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከርር ከዚራ ሰፈር ባሉት ዛፎች ሥር በእግሬ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ለጭንቅላቴ ብዬ ነበር፤ ሐኪሟ ለአጥንትም ነው አለችኝ፤ ካረጡ በኋላ አጥንት ይሳሳል።

ሱቅ ውስጥ በቃል መደመር ቀረ። ካልኩሌተሩ ባንኮኒው ላይ በግልጽ ተቀምጧል፣ ዱቤው ሁሉ ያኑ ደቂቃ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ብር የምቆጥረው ጠዋት ነው፤ ስቆጥር ማንም አያናግረኝም። ስም ሲጠፋኝ "ስምሽ ጠፋኝ፣ ንገሪኝ" እላለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። እንዲያውም በእኔ ዕድሜ ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንቺም?" ይሉኛል፤ ከዚያ ጨርቁ ተረስቶ ወሬው ይጀመራል።

አሁን ካረጥኩ ዓመት አልፎኛል። ቃሉ በአብዛኛው ተመልሷል። ሙቀቱ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ እንደ ድሮው ግን አያስፈራኝም።

በዚያ ወሬ መሀል ደጋግሜ የምነግራቸው ጥቂት ነገር አለ። አበባ ስለተዛባ ማርገዝ ቀረ ማለት አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን አረጥኩ ብላ ተቀምጣ አራተኛ ልጇን ወልዳለች። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ለመጨረሻ ጊዜ የወር አበባ ካየች አንድ ዓመት እስኪሞላት፣ ከዚያ በታች ያለች ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ብትጠነቀቅ ይሻላል። 40 ሳይሞላት አበባዋ የቆመባት ሴት ሳትዘገይ ትመርመር። አርጣችሁ ዓመት ካለፈ በኋላ ጠብታ ደም እንኳን ብታዩ ደግሞ "ተመልሶ መጣ" ብላችሁ አትሳቁ፤ የማኅፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ታዩ።